ኮት ለብሶ ጎሚስታ

እኛ ቤት ሽርሽር አይወጣም። አንዴ ብቻ ወጥተናል፤ እሱም ሰው ስለሞተ ነው።

እኔ ግን ያኔ ይሄን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ካርድ ተሰጠን፣ ከሦስተኛ ክፍል ስምንተኛ ወጣሁ። እሁድ ጠዋት አባዬ በር ላይ ቆሞ "ልበሱ፣ ደብረ ዘይት ሐይቅ ዳር ልንዝናና ነው" አለ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስምንተኛ ወጣሁ፣ ተሸለምኩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አስራ አምስተኛ ወጥቼ ያገኘሁት ኩርኩም ነበር። እንግዲህ ለስምንተኛ ሐይቅ ከተገኘ፣ አንደኛ የወጣችውን ትሕትናን ቤተሰቦቿ የት ወስደዋት ይሆን ብዬ ቅናት አንገበገበኝ። ትሕትና፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ያን ቀን ልብስ ስታጥብ ነው የዋለችው።

የሞተው ጋሼ ወልዱ ነው፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም። ሞጆ የሽንኩርት ነጋዴ ነበር። እኛ ቤት ሲመጣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክሞ ይገባል፣ አገላብጦ ሲስመኝ የልብሱ ሽታ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እንባዬ ይመጣል፣ እሱ ደግሞ "አየሽ የዓለም፣ ልጅሽ ናፍቄያት ታለቅሳለች" ይላል። አባታቸው ሲሞት እማዬ ገና ዳዴ የምትል ልጅ ነበረች። ያሳደጋት እሱ ነው፣ ያስተማራት እሱ፣ ለአባዬ የዳራትም እሱ። "ጋሼ" ስትል አፏ ይሞላል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልቡ ቀጥ አለ። ስልኩ የተደወለው ለአባዬ ነው። አባዬ ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ብርቅነሽ ነገራት። እትዬ ብርቅነሽ የሰፈራችን የሴቶች እድር ዳኛ ናት፤ ለእሷ መንገር ማለት በማይክራፎን መናገር ነው። እሷም ወዲያው ፈረደች። የዓለምወርቅ ነፍሰ ጡር ናት (እኔ ወፈረች ነበር የምለው)፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ ጉድጓድ አፍ ላይ አትቆምም፣ ድንገት ብትሰማ ፅንሱ ይወርዳል። ስለዚህ ቀብሩ እሁድ ያለ እሷ ያልፋል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ገብቶ ያረዳታል። እስከዚያ ትንፍሽ የለም።

ችግሩ ሰፈራችን ሸጎሌ ነው። ሸጎሌ ሰው ሲሞት ከሟቹ ዘመድ በስተቀር ሁሉም ያውቃል። እማዬ ቤት ብትውል ጎረቤት ገብቶ ፊቱ ያጋልጠዋል፤ ቤተክርስቲያን ብትሄድ ደጀ ሰላሙ ላይ ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላታል። ስለዚህ ከሰፈር መጥፋት አለባት። በቤተሰባችን ታሪክ መዝናናት የተፈለሰፈው እንዲህ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ፣ በጾም።

"ምን ተገኘና ነው?" አለች እማዬ፣ ጫማዋን እየፈለገች።

"ልጅቷ ጎብዛለች" አለ አባዬ።

"ስምንተኛ'ኮ ነው የወጣችው፣ ነገራ" አለች በስሙ ጠርታው።

"ስምንተኛ ቀላል ነው እንዴ? ስንት ልጅ አለ እዚያ ክፍል።"

አባዬ አሞግሶኝ አያውቅም። ልቤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

እትዬ ብርቅነሽ ጃንጥላና ትልቅ የምሳ ዕቃ ይዛ ከተፍ አለች። ገና ሳትቀመጥ የእማዬን ስልክ ፈለገች።

"የዓለም፣ ስልክሽን አምጪ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ።"

"ሞልቷል እትዬ።"

"ይሙላ። ይጨመርበት።"

ስልኩ ደረቷ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ማንም አላየውም።

የሚወስደን ጎረቤታችን ጋሽ ሸፊ ነው። ሚኒባስ አለው፣ ከሸጎሌ ጳውሎስ ይሠራል። ያን ቀን ሥራውን ትቶ ደጃችን ላይ ቆመ። ስንወጣ የማዕዘኗ ባለሱቅ ሮጣ መጥታ እማዬን አቀፈቻት። ሁለቱ በአንድ የተበላሸ ወተት ከፋሲካ ጀምሮ ተኮራርፈው ነበር። "ታርቀናል ማለት ነው?" አለች እማዬ እየሳቀች። ባለሱቋ መልስ ሳትሰጥ ወደ ሱቋ ገባች። እኔ ይሄንንም በስምንተኛነቴ ሂሳብ ጻፍኩት።

አባዬ አንድ ጥቁር ፌስታል ታቅፎ ነበር።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"የመኪና ዕቃ ነው።"

መንገድ ላይ ሰው እጁን እያነሳ "ጳውሎስ ነው?" ሲል ጋሽ ሸፊ ዝም ብሎ ያልፋል። ንግሥት የሆንኩ መሰለኝ። እማዬ ስታመሰግነው እሱ ዓይኗን አያይም፤ "ምን ችግር አለው የዓለምወርቅ፣ ጎረቤት ለመቼ ነው" ይላል ለመስታወቱ።

ቃሊቲን አልፈን ዱከም ልንደርስ ስንል እማዬ ጨዋታ አመጣች።

"ነገራ፣ ደብረ ዘይት ከደረስን አይቀር ሞጆ ምን አላት? ጋሼ ጋ ጎራ እንበል። ሲናም ካርዷን ታሳየዋለች።"

ማንም አልመለሰላትም።

ያን ዝምታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ የካርዴ ጉዳይ ነዋ። ጋሽ ሸፊ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ይወራል። እትዬ ብርቅነሽ "እስቲ ዝም በሉ፣ ልስማበት" አለች፣ ሸጎሌ ላይ ሁለት ጋሻ መሬት የምታርስ ይመስል።

"ነገራ" አለች እማዬ እንደገና።

"ሌላ ጊዜ" አለ አባዬ። "ወልዱ እ... ገበያ ነው ዛሬ። አይገኝም።"

"እሁድ?"

"እሁድም ይሠራል አሁን።"

እማዬ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሷም ማዳበሪያውን እያዳመጠች መሰለኝ።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ባለፈው ዓመት፣ እኔ ራሴ አርግዤ ሆዴ ገፍቶ ሳለ አንድ ጎረቤት ሞተና ቀብር እንዳልሄድ ከለከሉኝ። ስነጫነጭ እማዬ ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። ነገሩን የነገረችኝ ያን ቀን ነው፤ ምስሩ አልቆ ወደ ድስት ሲገባ እሷም ጨርሳ ነበር።

"ሰው መሞቱንማ ጠዋት አውቄያለሁ" አለች። "አባትሽ ሽርሽር ሲል። የቀረኝ ማን እንደሆነ ነው። እሱን ዱከም ላይ አወቅኩ።"

"ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልጮህሽም?"

"ብጮህ አዙረው ቤት ይከቱኛላ። ሞጆ አጠገብ ደርሼ ቀብሩ ሊያመልጠኝ?"

ስለዚህ ከዱከም በኋላ መኪናው ውስጥ ሁለት ዕቅድ አለ። አንደኛው እማዬን ከቀብር ማራቅ ነው። ሁለተኛው የእማዬ ነው።

መዝናኛው አሁን የለም፣ ፈርሷል። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ውሃው ውስጥ የሚገባ ረጅም የእንጨት መድረክ ነበረው። ጫፉ ላይ ቀለማቸው የተላጠ ጀልባዎች ታስረዋል። ግራና ቀኝ ቀለበት መወርወሪያ አለ፣ ኳስ መምቻ አለ፣ አንድ ዓይናቸው የወለቀ የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበትም አለ። ከበሩ ማዶ ሜዳው ላይ ደግሞ እውነተኛ ፈረስ ያከራያሉ። የተጠበሰ በቆሎ፣ ናፍታና እርጥብ እንጨት ይሸታል። በጣውላው ስንጥቅ ወደ ታች ሳይ አረንጓዴው ውሃ ይላወሳል። ከሁሉ በላይ ግን መድረኩ መነሻ ላይ መንኮራኩሩ ቆሟል፤ ሰውን ወንበር ላይ አስሮ ሰማይ አድርሶ የሚመልስ ትልቅ የብረት ጎማ። ሐምሌ ስለሆነ ከኛና ጃንጥላ ሥር ከተወሸቁ ሁለት ፍቅረኛሞች በቀር ሰው የለም።

"የቱን ልጫወት?" አልኩ።

"ሁሉንም" አለ አባዬ።

ሁሉንም። የለስላሳ ጠርሙስ ካልመለስኩ እንቅልፍ የማይወስደው አባዬ።

ቀጥሎ አባዬ ጋሽ ሸፊን አየው። ጋሽ ሸፊ የሚኒባሱን ጎማ አየው።

"ይቺ የኋላዋ ትንሽ ሳትተነፍስ አልቀረችም" አለ ጋሽ ሸፊ።

"ጎሚስታ እናሳያታ" አለ አባዬ።

ጎማውን በእግሬ መታሁት። ድንጋይ ነው። የሰማኝ የለም። አባዬ እትዬ ብርቅነሽን "አደራ" አላት። እኔን መስሎኝ ኮራሁ። ፌስታሉን ይዞ ሄደ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ከውስጡ ኮት አውጥቶ ለበሰ። ጥቁሩን ኮት፣ ለሰርግና ለቀብር ብቻ ከሳጥን የሚወጣውን።

እማዬ አየችው። "ኮት ለብሶ ጎሚስታ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለችኝ ባለፈው ዓመት። "ሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው አልኩ።"

አባዬ ደብረ ዘይትን የመረጠው ለዚህ ነበር። አማች ቀብር ላይ ካልቆመ ዕድሜ ልኩን ይወራበታል፤ ስለዚህ ብልጭ ብሎ ደርሶ ሊመለስ ነው። ሚስቱን ከቀብር ሊያሸሽ ብሎ የቀብሩን መንገድ ከግማሽ በላይ ራሱ ወስዶ አደረሳት። አባዬ ዕቅድ ሲያወጣ እንዲህ ነው።

እማዬ ቀና ብላ መንኮራኩሩን አየች።

"ሲና፣ እሱን አትወጪም?"

"ብቻዋን አይቻልም" አለ ቲኬት ቆራጩ። "ትልቅ ሰው አብሯት ካልተቀመጠ።"

"እኔ እንዲህ ሆኜ አልወጣ" አለች እማዬ። "እትዬ፣ እርስዎ ይያዟት።"

"እኔ? ከእድር ወንበር በላይ ወጥቼ የማላውቀውን?"

"ልጅቷ ስምንተኛ ወጥታ?"

እትዬ ብርቅነሽ አየችኝ። ያን ቀን የሁሉም ሰው ውሸት የቆመው በኔ ስምንተኛነት ላይ ነው። እምቢ ብትል ሽርሽሩ ሽርሽርነቱ ሊቀር ነው። ጃንጥላዋንና የምሳ ዕቃውን አግዳሚው ላይ አስቀመጠች።

"እዚህችው ቁጭ በይ የዓለም። ንቅንቅ እንዳትይ።"

"የት እሄዳለሁ" አለች እማዬ።

ወጣን። እትዬ ብርቅነሽ ብረቱን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ጨምድዳ ኪዳነ ምሕረትን ትጠራለች። ሆዴ እየቀረ እየተከተለኝ ሁለቴ ዞርን። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሐይቁ አንዴ ከታች አንዴ ከጎን ይመጣል። ሦስተኛው ላይ፣ ልክ ጫፉ ጋ ስንደርስ፣ ሙዚቃው ቀጥ አለ። መንኮራኩሩም ቀጥ አለ። ወንበራችን ብቻ ይወዛወዛል።

"ምን ሆነ?" አለች እትዬ ብርቅነሽ ወደ ታች።

"መብራት ሄደ" አለ ቆራጩ።

"ጄኔሬተር የላችሁም?"

"አለን።"

"አስነሳዋ ታዲያ።"

"ናፍታ የለውም።"

እንግዲህ እዚያ ላይ ሆነን ሁሉም ይታያል። ሐይቁ፣ መድረኩ፣ መንገዱ። አግዳሚው ይታያል፤ ላዩ ላይ ጃንጥላና የምሳ ዕቃ አለ፣ ሰው የለም። በሩ ይታያል። በበሩ ነጭ ነጠላ ይወጣል። እማዬ ናት፣ ሆዷን አስቀድማ፣ ፈጠን ብላ። አስፋልቱ ላይ እጇን አነሳች። ሚኒባስ ቆመ።

"የዓለም" ብላ ጮኸች እትዬ ብርቅነሽ። ነፋሱ ወደ ሐይቁ ወሰደው። "የዓለምወርቅ፣ አንቺ ሴትዮ።"

እኔ እጄን አውለበለብኩ። እማዬ ቀና አላለችም። ስጦታ ልትገዛልኝ ነው አልኩ በሆዴ። ሌላ ምን ሊያስወጣት ይችላል?

"አውርደኝ አንተ" አለች እትዬ ብርቅነሽ።

"መብራት ይምጣ፣ እማማ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው።"

ዝናብ ጀመረ። ጃንጥላው ታች አግዳሚው ላይ ነው፣ ደረቅ የምሳ ዕቃ ተጠልሎበት። እትዬ ብርቅነሽ ማልቀስ ጀመረች። ከፍታ ፈርታ መሰለኝና እጇን ያዝኩላት።

"አይዞዎት እትዬ። ታች አይዩ።"

"ታች ማየቴ ነው ጉዱ" አለች።

ልብሳችን ሊጨመቅ ሲደርስ መብራቱ መጣ። እትዬ ብርቅነሽ ወንበሩ ሳይቆም ዘለለች። ለአባዬ ደወለች፣ ተዘግቷል። ለጋሽ ሸፊ ደወለች፣ አይነሳም። አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ተመለሰች። ዘበኛውን ጠየቀችው።

"አንዲት ነፍሰ ጡር ወጥታለች፣ አይተሃል?"

"አይቻለሁ። በሚኒባስ ሄደች።"

"ወዴት?"

"እሱን አልነገረችኝም እማማ። በዚያ በኩል ሐይቁን ዞሮ የሚሄድም አለ።"

ይሄን ባይላት ጥሩ ነበር። እትዬ ብርቅነሽ ዞራ ውሃውን አየችው። ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ግን ምን እንዳሰበች አውቃለሁ፦ አንዱ ምላሱን መግታት ያቃተው ነግሯታል፣ እሷም ወንድሟን ብላ ወዲያ ማዶ ሄዳ ውሃው ውስጥ ራሷን ጥላለች። አደራ የበላችው እትዬ ብርቅነሽ ናት። አልተቀመጠችም። ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደችና ጀልባ ነጂውን "ጀልባዋን አውጣት" አለችው።

ለስምንተኛ ጀልባም አለ ማለት ነው። ደስታዬን አልችለውም።

ነጂው በዝግታ ይቀዝፋል፣ እትዬ ብርቅነሽ በጎን ተደፍታ ውሃውን ታያለች። ቀሚሷ ሰውነቷ ላይ ተለጥፏል፣ ሻሿ ወርዷል።

"ምንድን ነው የምንፈልገው፣ እትዬ?"

"ዓሣ።"

"ትልቅ?"

"ዝም በይና እይ።"

እኔም ልቤ እስኪጠፋ አየሁ። ቄጠማው ጋ ነጭ ነገር ተንሳፍፎ አየሁና "ያውና፣ ነጠላ የመሰለ" አልኩ። እትዬ ብርቅነሽ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። ነጂው መቅዘፊያውን ሰዶ ጎተተው። የማዳበሪያ ጆንያ ነው። እትዬ ብርቅነሽ ጀልባው ወለል ላይ ቁጭ አለች። "ለነገራ ምን እለዋለሁ" አለች፣ "ለወንድሜ ምን እለዋለሁ።" ዓሣው ስላልተያዘ ነው ብዬ አባዬ ዓሣ እንደማይወድ ነገርኳት።

እማዬ በዚያን ሰዓት ሞጆ ነበረች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ ከጽዱ ሥር። ጋሼ ወልዱ ሲወርድ ከሩቅ አየች። አባዬን አየችው፣ ኮቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ አካፋ ይዞ አፈር ሲመልስ። አላለቀሰችም።

"እንዴት አስቻለሽ?" አልኳት።

"ብጮህ ያውቁኛላ። ለነገሩስ ማን አረዳኝና አለቅሳለሁ? ለኔ ገና አልሞተም'ኮ፣ ሰኞ ነው የሚሞተው።"

"አባዬስ አላየሽም?"

"የት አባቱ ያየኛል። ደህና አድርጌ ነው የተከናነብኩት።"

ሰው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ሲሄድ እሷ ቀረች። ቀርባ በእጇ አፈር ዘግና አለበሰችው።

"ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ። 'ጋሼ፣ ቸኩያለሁ' አልኩት።"

የምስሩን ድስት ለማየት ተነሳች፣ እኔም አልተከተልኳትም።

ቀድማ የተመለሰችው እማዬ ናት። እኔና እትዬ ብርቅነሽ የመድረኩ ጣውላ ላይ ተቀምጠን እንንቀጠቀጣለን። እትዬ ብርቅነሽ ስታያት መጀመሪያ ፈጣሪን አመሰገነች፣ ቀጥላ ልትገድላት ተነሳች።

"የት ነበርሽ?"

"ሽንት ቤት።"

"ይሄን ሁሉ?"

"ወረፋ ነበር።"

ግቢው ውስጥ ሁለት ፍቅረኛሞችና አንድ ውሻ አሉ። እትዬ ብርቅነሽ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ምን ብላ ትጠይቅ? "በበሩ ስትወጪ አይቼሻለሁ፣ ማን ምን ነገረሽ" ብትል፣ ምንድን ነው የሚነገረው ልትባል ነው። መጠየቅ ማርዳት ነው። መርዶ ደግሞ የሰኞ ነው፣ የሽማግሌ ነው፣ ይህን ሕግ ያወጣችው ራሷ ናት።

"ሆድሽ ደህና ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ደህና ነው።"

"እንግዲያው ምሳ እናውጣ።"

አባዬና ጋሽ ሸፊ ቆይተው መጡ። ኮቱ ፌስታሉ ውስጥ ተመልሷል።

"ጎሚስታ ወረፋ ነበር" አለ አባዬ።

"ብዙ መኪና" አለ ጋሽ ሸፊ።

"ዛሬ ሁሉም ጋ ወረፋ ነው" አለች እማዬ።

የቀዘቀዘ በያይነቱ ከብበን በላን። እንደዚያ ዓይነት ጨዋ ገበታ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ያጎርሳል። አባዬ እማዬን አጎረሳት፣ እማዬ እትዬ ብርቅነሽን አጎረሰቻት፣ እትዬ ብርቅነሽ እየዋጠች ታለቅሳለች፤ "ቃሪያው ነው" ትላለች። የለስላሳዬ ቆርኪ ወደቀብኝና ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። እዚያ አየሁት። የአባዬ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጥቁር ጭቃ ነው። የእማዬም። ያው ጭቃ ነው፣ ያው ከፍታ ላይ። እኛ የዋልንበት ደግሞ ጣውላና ጠጠር ነው።

ወዲያው ገባኝ። ወጣሁና፦

"ፈረስ ጋልባችኋል" አልኩ። "እኔን ትታችሁ።"

"ማን?" አለ አባዬ።

"አንተና እማዬ። አንድ ላይ።"

እትዬ ብርቅነሽ ጉርሻውን እጇ ላይ እንደያዘች ቀረች። ጋሽ ሸፊ ሐይቁን አደነቀ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሊያይ ሲል እማዬ እግሯን ወደ ወንበሯ ሥር ሰበሰበች። እሱም ሳያይ ቀና አለ።

"ልጅ ናት" አለች እማዬ።

"ደክሟት ነው" አለ አባዬ።

እስከ ሸጎሌ አኮረፍኳቸው። ስምንተኛ ለወጣሁት ለኔ በመጣ ሽርሽር ፈረሱን ራሳቸው ጋለቡት ብዬ። ያስተዋለኝ የለም።

አባዬን ለብቻው ጠየቅኩት፣ እማዬ ከነገረችኝ በኋላ። ሬዲዮውን ሲጠጋግን ነበር፣ ቀና አላለም።

"አይተሃት ነበር?"

"ከሰው ጋር ወጥቼ የቤተክርስቲያኑ በር ላይ ዞር ስል አንዲት ሴት መቃብሩ ላይ አለች። ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ ነው የምትጎነበሰው። ሚስቴን በጀርባዋ አላውቃትም?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሸፊን ሻይ እንጠጣ አልኩት። ጠጣን። ድገም አልኩት። ቀድማን እንድትደርስ።"

"ለምን አልነገርካትም?"

"እሷ ሳትነግረኝ?" አለ። "ደግሞ አንቺም አደራሽን፣ አትንገሪያት። ትደነግጣለች።"

እማዬም ያንኑ ብላኛለች። "አባትሽ እንዳይሰማ፣ ይከፋዋል።" ትደነግጣለች የተባለችው ሴት ያኔ አርግዛ የወለደችው ዮናስ ዛሬ በቁመት አባዬን በልጦታል። እነሱ ግን ገና ይጠባበቃሉ።

በሽርሽሩ ማግስት፣ ሰኞ፣ ገና ወገግ ሳይል በራችን ተንኳኳ። የነቃሁት በእግር ኮቴ ነው። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ የእማዬ የንስሐ አባት ገቡ፣ ከኋላቸው የእድሩ ሴቶች በነጠላ ግድግዳውን ሞሉት። ቤታችን ውስጥ የእርጥብ ጋቢ ሽታ ሆነ። እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ተሠርቷል።

"ልጄ የዓለምወርቅ" አሉ አባ፣ "እንግዲህ ሁላችንም መንገደኞች ነን..."

አላስጨረሰቻቸውም። ጩኸቷ ጣሪያውን ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ በሩ ጥግ ተጣብቄ፣ ለአንድ ቀን ሽርሽር እንዲህ የሚያስከፍል ከሆነ ሁለተኛ አልሄድም እላለሁ።

እትዬ ብርቅነሽ አጠገቤ ከነበረችው ሴት ጆሮ ሥር ገብታ "ምንም አልጠረጠረች" አለቻት። "ድብን አድርገን ነው የደበቅናት። ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ንቅንቅ አላልኩም።"

"ወንድሜን" ትላለች እማዬ፣ "አባቴን፣ አፈር ሳላለብሰው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳልቆም። ባዕድ ቀበረብኝ።" ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ብሶባቸው ደረታቸውን መቱ፤ ከዚህ የሚያንገበግብ ነገር የለማ። እሷም ታውቃለች፣ ስለዚህ ደጋገመችው። "በማን እጅ ተቀበረ ጋሼ፣ በማን እጅ።"

አባዬ ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ መጣ። ከፊቷ በርከክ አለ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

"በድዬሻለሁ" አለ። "ለሆድሽ ፈርቼ ነው። ቀብሩ ላይ እኔ ነበርኩ።"

ሴቶቹ ትተፋበት ይሆን ብለው ይጠብቃሉ።

"ደህና አድርገህ ቀበርክልኝ?"

"ደህና አድርጌ።"

"አፈሩን ማን አለበሰው?"

አባዬ እጇን ያዘ። የጥፍሮቿን ሥር በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

"የሚገባው ሰው" አላት።

እማዬ ዓይኑን አየችው። ብዙ አየችው። ከዚያ ጩኸቷን አቆመችና ማልቀስ ጀመረች።